የራሳችሁን የማስቶዶን ሰርቨር ለመትከልና ለማቆየት

ማስቶዶን የሚባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ሶፍትዌር እንዴት እንደሚተከል የሚያሳይ መመሪያ ማግኘት ቀላል ነው። ጣጣው የሚመጣው ከተተከለ በኋላ ነው። ዲስኩ ሳታስቡት ይሞላል። ኢሜይል መድረሱን ያቆማል። የማታውቁት ሰው እናንተ ዘንድ ተመዝግቦ ለሌላው ሁሉ ስፓም ይረጫል። ስለዚህ እዚህ ተከላውን በአጭሩ እናልፈዋለን። ብዙ የምንቆየው ሰርቨሩን በጤና ማቆየቱ ላይ ነው።

ለነገሩ አዲስ ለሆነ ሰው ያህል፦ ፌዲቨርስ ማለት አክቲቪቲፐብ በሚባል ደንብ እርስ በርስ የሚነጋገሩ ሰርቨሮች ጠቅላላ ስም ነው። ደንቡን የድር ደረጃዎችን የሚያወጣው ደብሊውስሪሲ በጃንዋሪ 2018 አጽድቆታል (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አሠራሩ እንደ ኢሜይል ነው። እናንተ አንድ ሰርቨር ላይ ናችሁ፣ ጓደኛችሁ ሌላ ላይ ነው፣ ግን ትጻጻፋላችሁ። ማስቶዶን ከ2016 ጀምሮ ያለ ሲሆን በፌዲቨርስ ውስጥ በጣም የታወቀው ሶፍትዌር ነው።

መጀመሪያ፦ ለማን ነው የምትተክሉት?

ለራሳችሁ ብቻ ከሆነ ማስቶዶን ይከብዳችኋል። ጎቱሶሻል የሚባለውን እዩት። አንድ ፕሮግራም ብቻ ነው፣ ዳታውን ኤስኪውላይት በሚባል ቀላል ዳታቤዝ መያዝ ይችላል፣ በትንሽ ራም ይሄዳል። የራሱ የመጻፊያ ገጽ ስለሌለው በስልክ አፕ ነው የምትጠቀሙበት። ፎቶ ለማጋራት ፒክስልፌድ፣ ለቪዲዮ ፒርቲዩብ፣ በርዕስ ለተከፋፈለ ውይይት ሌሚ አለ። ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ምክር ለእነሱም ይሠራል።

ለጓደኞች፣ ለማኅበር ወይም ለሥራ ባልደረቦች ከሆነ ማስቶዶን ጥሩ ምርጫ ነው።

ለማንኛውም ሰው ክፍት ማድረግ ከፈለጋችሁስ? ቢያንስ በመጀመሪያው ዓመት ባታደርጉት ይሻላል። ችግሩ ማሽኑ አይደለም። ሌሊት ላይ የሚመጣ ሪፖርት ማን ያየዋል? ጥያቄው ይሄ ነው። መልሱ «እኔ ብቻዬን» ከሆነ በሩን አትክፈቱት።

ዶሜይን መምረጥ

ከሁሉም ውሳኔዎች የማይመለሰው ይህ ነው። የእያንዳንዱ አካውንት ማንነት ከዶሜይኑ ጋር ተያይዟል። ሰርቨራችሁ ከሌሎች ጋር መነጋገር ከጀመረ በኋላ ስሙ በእነሱ ዳታቤዝ ውስጥ ይቀመጣል። ከዚያ ወዲያ ዶሜይን መቀየር ማለት ከዜሮ መጀመር ማለት ነው። ስለዚህ የቀልድ ስም ከማውጣታችሁ በፊት ከአምስት ዓመት በኋላም ሳታፍሩ የምትጠሩት መሆኑን አስቡ።

መጨረሻው የአንድ አገር ምልክት የሆነ ዶሜይን ስታዩ ደግሞ ቆም በሉ። ሲጠራ ደስ ስለሚል ብቻ የሌላ አገር ምልክት የሚወስዱ ብዙ ናቸው። በፌብሩዋሪ 2024 ኩዊር ዶት ኤኤፍ የተባለ የማስቶዶን ሰርቨር ስሙን ተነጠቀ። ዶት ኤኤፍ የአፍጋኒስታን ነው፣ ያገደውም የታሊባን መንግሥት ነው። ሰርቨሩ ምንም አልሆነም፣ ዳታውም አልጠፋም፤ ግን ያለ ስሙ ማንም ሊያገኘው አይችልም።

ዶሜይኑን ስትገዙ በራሱ የሚታደስ አድርጉት። የተመዘገባችሁበት ኢሜይል በዚያው ዶሜይን ላይ ያለ እንዳይሆን ተጠንቀቁ። ስሙ ሲሞት የማስጠንቀቂያው ኢሜይልም አብሮ ይሞታላ።

አንድ ጠቃሚ ነገር አለ። የሰዎች አድራሻ በዋናው ዶሜይን እንዲያልቅ፣ ማስቶዶኑ ግን በንዑስ ዶሜይን እንዲሠራ ማድረግ ትችላላችሁ። በቅንብሩ ውስጥ ሎካል ዶሜይን የሚለው አድራሻ ላይ የሚታየው ነው። ዌብ ዶሜይን የሚለው ደግሞ ሶፍትዌሩ የሚገኝበት ነው። ለዚህ ዋናው ዶሜይን የዌብፊንገር ጥያቄዎችን (ሌሎች ሰርቨሮች አንድ አካውንት የት እንዳለ የሚጠይቁባቸውን) ወደ ንዑሱ ማሻገር አለበት። ይህን የምትወስኑት አሁን ነው፤ ኋላ ላይ መቀየሩ ራስ ምታት ነው።

መሞከር ከፈለጋችሁ በሌላ ስም ሞክሩ። በእውነተኛው ዶሜይን ሞክራችሁ፣ ከሌሎች ጋር ተገናኝታችሁ፣ ከዚያ ሁሉንም ደምስሳችሁ እንደገና ብትተክሉ ሌሎቹ ሰርቨሮች የድሮውን ቁልፍ ይዘው ይቆያሉ። በአዲሱ ቁልፍ የፈረማችሁትንም አይቀበሉም።

ማሽኑ

ለትንሽ ቡድን ባለ 4 ጊጋባይት ራም ቪፒኤስ (የኪራይ ቨርቹዋል ሰርቨር) በቂ ነው። በ2 ጊጋባይትም ይሄዳል፤ ግን ስዋፕ (ራም ሲያንስ በምትኩ የሚያገለግል የዲስክ ቦታ) ያስፈልገዋል። በተለይ አዲስ ስሪት ሲጫንና የድረ ገጹ ፋይሎች ሲጠናቀሩ ራም በጣም ይበላል፣ ስዋፕ ከሌለ ሥራው መሀል ላይ ይገደላል። ለኦፕሬቲንግ ሲስተም ኡቡንቱ ወይም ዴቢያን ያዙ። የሙሉ ጽሑፍ ፍለጋ የሚሰጠውን ኤላስቲክሰርች ለጊዜው ተዉት። ራም አይጠግብም፣ ያለ እሱም ማስቶዶን ይሠራል።

ሰርቨሩን እንደተረከባችሁ መግቢያውን በኤስኤስኤች (ከሩቅ ሆኖ ማሽኑን ማዘዣ) ቁልፍ ብቻ አድርጉ፣ በፓስዎርድ መግባትን ዝጉ። ፋየርዎሉ ላይ 80፣ 443 እና የኤስኤስኤች ፖርት ብቻ ይከፈቱ። ፕሮግራሞችን ለየብቻ አሽጎ የሚያስኬደውን ዶከርን የምትጠቀሙ ከሆነ ግን አንድ ወጥመድ አለ። ዶከር ወደ ውጭ የሚያወጣቸው ፖርቶች ዩኤፍደብሊው የሚባለውን የፋየርዎል መሣሪያ ክልከላ ዘለው ያልፋሉ። ዳታቤዙን ዘግቻለሁ ብላችሁ ስትተኙ ለዓለም ተከፍቶ ሊያድር ይችላል። ማስቶዶን ዳታውን የሚያስቀምጥባቸው የፖስትግሬስና የሬዲስ ፖርት በጭራሽ ወደ ውጭ መውጣት የለበትም። ከሌላ ማሽን ሆናችሁ ሞክሩና አረጋግጡ።

የማሽኑ ሰዓትም ትክክል ይሁን። ሰርቨሮች የሚላላኩት መልእክት ሰዓት ተጽፎበት በዲጂታል ፊርማ የታሸገ ነው። ሰዓታችሁ በጣም ከተዛባ ሌሎቹ አይቀበሏችሁም፣ እናንተ ግን ምክንያቱን ፈልጋችሁ አታገኙትም።

ተከላው

ማስቶዶን አንድ ፕሮግራም አይደለም። ድረ ገጹን የሚያቀርበው ፑማ ነው። ከበስተጀርባ ሥራውን የሚሠራው ሳይድኪክ ነው። አዲስ ነገር ሲመጣ ገጹን ወዲያው የሚያድሰው ስትሪሚንግ የሚባለው ክፍል ነው። ዳታው ፖስትግሬስ ውስጥ ይቀመጣል፣ ወረፋውና ጊዜያዊ ነገሮች ሬዲስ ውስጥ። ኤንጂንክስ ከፊት ቆሞ ጎብኚውን ይቀበላል። አንድ ነገር ሲበላሽ የመጀመሪያው ጥያቄ «ከእነዚህ የቱ ነው የቆመው?» ስለሆነ ማን ምን እንደሚሠራ ብታውቁ ይጠቅማችኋል።

ትእዛዞቹን እዚህ አልደግማቸውም፤ በየስሪቱ ይለዋወጣሉ። ከማስቶዶን ኦፊሴላዊ መመሪያ ላይ በቅደም ተከተል ተከተሉ። ዶከር ወይስ በቀጥታ? የምታውቁትን ምረጡ። ሁለቱንም የማታውቁ ከሆነ ቀጥታውን እመክራለሁ። ትንሽ ያለፋል፣ ግን ነገር ሲበላሽ የት እንደምትነኩ ታውቃላችሁ።

ቅንብሩ ሲያልቅ ኢንቭ ፕሮዳክሽን የሚባል የተደበቀ ፋይል ይፈጠራል። የሰርቨሩ ምስጢራዊ ቁልፎች በሙሉ ያሉት እዚያ ነው። በኦክቶበር 2024 ከወጣው ከስሪት 4.3 ጀምሮ ዳታቤዝ ውስጥ ያለውን መረጃ የሚያመሰጥሩ ቁልፎችም ተጨምረዋል። አሁኑኑ፣ ሌላ ነገር ሳትነኩ፣ የፋይሉን ግልባጭ ከሰርቨሩ ውጭ በአስተማማኝ ቦታ አስቀምጡ።

ከድረ ገጹ ጋር ያለውን ግንኙነት ለማመስጠር የሚያስፈልገውን ሰርተፍኬት ከሌትስ ኢንክሪፕት በነፃ ታገኛላችሁ። የሚያገለግለው 90 ቀን ስለሆነ በራሱ እንዲታደስ ሰርትቦት የሚባለውን ፕሮግራም አዘጋጁ። ድሮ ሊያልቅ ሲል ኢሜይል ይልኩ ነበር፤ ከጁን 2025 ወዲህ ግን አቁመዋል። ቀኑን የሚከታተል የራሳችሁ ማስጠንቀቂያ ይኑራችሁ።

ኢሜይል

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። ያለ ኢሜይል ማንም ምዝገባውን ማረጋገጥ፣ ፓስዎርድ መቀየር አይችልም። ብዙ የሰርቨር አከራዮች ኢሜይል የሚላክበትን ፖርት 25ን ይዘጋሉ። ቢከፍቱላችሁም ከአዲስ አድራሻ የሚላክ ደብዳቤ ቀጥታ ወደ ስፓም ሳጥን ነው የሚሄደው። የኢሜይል ሰርቨር በራሳችሁ ልትተክሉ አትሞክሩ፤ አንዱ ሥራ ይበቃችኋል። የመላኪያ አገልግሎት ተከራዩና በፖርት 587 አገናኙት።

ከዚያ በዶሜይኑ መዝገብ ላይ ደብዳቤው በእርግጥ ከእናንተ መሆኑን የሚያረጋግጡትን ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም እና ዲማርክ የሚባሉትን ሦስቱን አስገቡ። ሲያልቅ በተለያዩ ኢሜይል አቅራቢዎች ላይ ላሏችሁ አድራሻዎች ላኩና የት እንደወደቀ እዩ። አንዱ ጋ ስለደረሰ ሌሎቹ ጋ ይደርሳል አይባልም።

ሰው ከማስገባታችሁ በፊት

ደንብ ጻፉ። አጭር ይሁን፣ ግን ተጨባጭ። «ተከባበሩ» ብቻ ቢባል ነገ ከሚከራከራችሁ ሰው ጋር አያስማማችሁም። ምን ሲደረግ አካውንት እንደሚዘጋ በግልጽ አስቀምጡ። ሰርቨሩን ማን እንደሚያስተዳድርና በምን ኢሜይል እንደሚገኝም ጻፉ።

ምዝገባውን በፈቃድ አድርጉት። አመልካቹ ለምን መግባት እንደፈለገ አንድ ሁለት መስመር ይጽፋል፣ እናንተ ታጸድቃላችሁ። በፌብሩዋሪ 2024 ትልቅ የስፓም ማዕበል ፌዲቨርስን አጥለቅልቆት ነበር። አጥቂዎቹ የገቡት በራቸውን ከፍተው በተኙ ትናንሽ ሰርቨሮች በኩል ነው። አካውንት በጅምላ ከፍተው ወደ ሌሎች ላኩ። ባለቤቶቹ አልነቁም፣ ሌሎቹ ግን እነዚያን ሰርቨሮች ማገድ ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ማስቶዶን ራሱ ባሕሪውን ቀየረ። አዲስ የሚተከል ሰርቨር ምዝገባው ዝግ ሆኖ ይጀምራል። ክፍት ያደረጋችሁት ከሆነና ለአንድ ሳምንት ተቆጣጣሪ ካልታየ ደግሞ በራሱ ወደ ፈቃድ ይቀየራል።

አድሚን ሆናችሁ የምትገቡበት አካውንት ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ይኑረው። ሁለተኛ ሰውም አግኙ። እናንተ ብትታመሙ ወይም መንገድ ላይ ብትሆኑ ሰርቨሩን የሚያስነሳ፣ ቁልፉ ያለው፣ የምታምኑት ሰው።

ለተጠቃሚዎቻችሁም አንድ ነገር በግልጽ ንገሯቸው። ማስቶዶን ላይ ለአንድ ሰው ብቻ የሚላክ መልእክት ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ አይደለም። ዳታቤዙ በእጁ ያለ አድሚን ቢፈልግ ሊያነበው ይችላል። የተቀባዩ ሰርቨር አድሚንም እንዲሁ። አታነቡም፣ እሺ። ግን ይወቁት።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ዝምታ

አዲስ ሰርቨር ባዶ ነው። ፍለጋ ውስጥ ምንም የለም፣ የሰዎች ገጽ ላይ የድሮ ጽሑፍ አይታይም። ተጠቃሚዎቻችሁ «አይሠራም» ይሏችኋል። ይሠራል። ሰርቨራችሁ በዋናነት የሚያውቀው እናንተ ዘንድ ያለ ሰው የሚከተላቸውን ነው። ሰው ሲከተል ይሞላል። ሪሌይ የሚባል ነገር አለ፤ ከብዙ ሰርቨሮች የሚመጣ ጽሑፍ በጅምላ ያጎርፍላችኋል። ቶሎ ይሞላል፣ ዲስኩም አብሮ። ለትንሽ ሰርቨር እኔ አልመክረውም።

ዲስክ

ከሦስት ወር በኋላ የሚያማርራችሁ ይህ ነው። ያልጠበቃችሁት ደግሞ የሚሞላው በእናንተ ሰዎች ፎቶ አለመሆኑ ነው። የእናንተ ሰዎች ከሚከተሏቸው ሰዎች የሚመጣ ፎቶና ቪዲዮ ግልባጩ እናንተ ዘንድ ይቀመጣል። የመገለጫ ፎቶዎቹም ይከማቻሉ። የሊንክ ቅድመ እይታ ምስሎችም እንዲሁ። አሥር ሰው ብቻ ያለበት ሰርቨር በአሥርና በመቶ የሚቆጠር ጊጋባይት የሰው ፋይል ይዞ ቢገኝ አይግረማችሁ።

መፍትሔው ቀላል ነው። በአስተዳደር ገጹ፣ በሰርቨር ቅንብሮች ሥር፣ የይዘት ማቆያ ጊዜ የሚል ክፍል አለ። የሚዲያ ካሽ የሚለውን ወደ 7 ወይም 14 ቀን አድርጉት። ከዚያ በላይ የቆየ የውጭ ፋይል ይሰረዛል። አንድ ሰው የድሮውን ጽሑፍ ከከፈተ ምንጩ ላይ እስካለ ድረስ ፋይሉ እንደገና ይመጣል። ስለዚህ የሚጎዳ ነገር የለውም።

ከእሱ አጠገብ ያለው ሌላው ግን ያስፈራል። የውጭ ጽሑፎችን ማቆያ ጊዜ የሚለው ነው። ስሙ ይመሳሰላል፣ ሥራው ለየቅል። እዚያ ላይ ቁጥር ከሞላችሁ ከሌላ ሰርቨር የመጡ ጽሑፎች ራሳቸው ይሰረዛሉ። ተጠቃሚዎቻችሁ የወደዷቸውም፣ ለኋላ ብለው ያስቀመጧቸውም ሳይቀሩ። ከሌላ ሰርቨር ሰዎች ጋር የተጻጻፉት የግል መልእክትም ይጠፋል፣ አይመለስም። ባዶውን ተዉት።

በትእዛዝ መሥራት የሚመርጥ ሰው ቱትሲቲኤል የሚባለውን መሣሪያ ይጠቀማል። ቱትሲቲኤል ሚዲያ ዩሴጅ ምን ምን ቦታ እንደያዘ ያሳያል። ቱትሲቲኤል ሚዲያ ሪሙቭ የቆየውን የውጭ ፋይል ያጸዳል። ፕሪቪው ካርድስ ሪሙቭ የሊንክ ምስሎቹን ያነሳል። ሁሉም ከመሰረዙ በፊት «ድራይ ራን» በሚለው ምርጫ ምን ሊያደርግ እንደሆነ ሊያሳያችሁ ይችላል፤ ተጠቀሙበት።

ሰው ሲበዛ ፋይሎቹን ወደ ኤስስሪ ዓይነት የኪራይ የፋይል ማከማቻ ማዛወር ያዋጣል። ስታዘጋጁት የፋይሎቹ ዝርዝር ለማንም እንዳይታይ ዝጉ። አንዱን ፋይል በሊንኩ ማየት ይቻል፤ ሁሉንም መዘርዘር ግን አይቻል።

ዲስኩ ጭራሽ ከሞላ ፖስትግሬስ መጻፍ ያቆማል፣ ሰርቨሩም ይቆማል። ያኔ በድንጋጤ የፖስትግሬስን ፎልደር ከፍታችሁ «ይህ ሎግ ይመስላል» ብላችሁ እንዳትሰርዙ። እዚያ ውስጥ ያለው የጽሑፍ መዝገብ ዳታቤዙ ራሱ ነው፤ ከነካችሁት አለቀ። የሲስተሙን ሎግና የሚዲያ ካሹን ነው የምታጸዱት። አንድ የቆየ ዘዴም አለ፦ ምንም የማይሠራ የ2 ጊጋባይት ፋይል ከአሁኑ ፈጥራችሁ አስቀምጡ። ሲጨንቃችሁ እሱን ሰርዛችሁ መተንፈሻ ታገኛላችሁ።

ሳይድኪክና ወረፋው

ሰርቨሩ ሲንቀራፈፍ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ድረ ገጹ ላይ አይደለም። አንድ ሰው ሲጽፍ ጽሑፉ ተከታዮቹ ወዳሉባቸው ሰርቨሮች ሁሉ ለየብቻ ይላካል። ሦስት መቶ ሰርቨር ላይ ተከታይ ያለው ሰው በአንድ ጽሑፍ ሦስት መቶ ሥራ ወረፋ ላይ ያስገባል። ይህን የሚያስተናግደው ሳይድኪክ ነው።

ወረፋዎቹ የተለያዩ ናቸው። ዲፎልት የእናንተን ተጠቃሚዎች የሚነካውን ሁሉ ይይዛል። ፑሽ ወደ ውጭ ይልካል። ኢንግረስ ከውጭ የመጣውን ይቀበላል። ሜይለርስ ኢሜይል ነው። ፑል አስቸኳይ ያልሆነውን ያስተናግዳል። ስኬጁለር ደግሞ በሰዓት የተቀጠሩ ሥራዎችን ያስነሳል። የሳይድኪክን ቁጥር ስታበዙ ስኬጁለርን ከአንድ በላይ ቦታ እንዳታስኬዱት።

የምታዩት ቁጥር የወረፋውን ርዝመት ሳይሆን መዘግየቱን ነው። አሥር ሺህ ሥራ ተሰልፎ በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ ከሆነ ችግር የለም። ሁለት መቶ ሥራ ለአንድ ሰዓት ከቆመ ግን ችግር አለ። በኦክቶበር 2022 መጨረሻ ትዊተር ባለቤት ሲቀይር ሕዝቡ ወደ ማስቶዶን ጎረፈ። ያኔ በብዙ ሰርቨሮች ላይ ጽሑፍ በሰዓታት ዘግይቶ ይደርስ የነበረው በዚህ ወረፋ ምክንያት ነው።

መጀመሪያ የሚመጣላችሁ ሐሳብ የሳይድኪክን ሠራተኛ ክሮች (ሥራዎቹን ጎን ለጎን የሚሠሩትን) ማብዛት ይሆናል። ቆዩ። እያንዳንዱ ክር ከዳታቤዙ ጋር ግንኙነት ይይዛል። ፖስትግሬስ ካልቀየራችሁት በስተቀር የሚቀበለው 100 ግንኙነት ነው። ዲቢ ፑል የሚለው ቁጥር ቢያንስ ከክሮቹ ቁጥር ጋር እኩል ይሁን፣ የሁሉም ድምር ደግሞ ከፖስትግሬስ ጣሪያ በታች። ከዚያ ካለፋችሁ ጥቂት ግንኙነቶችን ለብዙ ክሮች የሚያጋራውን ፒጂባውንሰር የሚባለውን መሀል አስገቡ። ለሃምሳ ሰው ሰርቨር ግን እዚህ ድረስ አትደርሱም።

ተስፋ የቆረጡ ሥራዎች ክፍል ውስጥ የተከማቹትን አይታችሁ አትደንግጡ። አብዛኞቹ ወደ ሞቱ ሰርቨሮች የተላኩ ናቸው። በሰባት የተለያዩ ቀናት ማድረስ ያልተቻለበትን ሰርቨር ማስቶዶን የማይገኝ ብሎ መላኩን ያቆማል። ነገሩ በእናንተም ላይ ይሠራል። ሰርቨራችሁ ከሳምንት በላይ ከጠፋ ሌሎቹ መላክ ያቆማሉ። ስትመለሱ ከእናንተ የሆነ ነገር ሲደርሳቸው እንደገና ይቀጥላሉ።

ባክአፕ

አራት ነገር አለ፣ ክብደታቸውም እኩል አይደለም። ዳታቤዙ ከጠፋ ሁሉም ጠፋ። ኢንቭ ፕሮዳክሽን ከጠፋ ሰዎቹ ከአካውንታቸው ይወጣሉ፣ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫቸውም አይሠራም። የእናንተ ሰዎች የጫኗቸው ፎቶዎች ከጠፉ ያሳዝናል፣ ሰርቨሩ ግን ይኖራል። ሬዲስ ከጠፋ ወረፋ ላይ የነበረው ሥራ ይቀራል፤ የሰዎቹን የመጀመሪያ ገጽ ቱትሲቲኤል ፊድስ ቢልድ መልሶ ይሠራዋል። የውጭ ሚዲያ ካሹን ባክአፕ አታድርጉ፤ ቦታ ማባከን ነው።

ዳታቤዙን በየቀኑ ፒጂ ዳምፕ በሚባለው የፖስትግሬስ መሣሪያ አውጡ፣ አመስጥሩት፣ ወደ ሌላ ቦታ ላኩት። ሌላ ቦታ ስል ሌላ ፎልደር ማለቴ አይደለም። ሌላ ድርጅት፣ ሌላ ከተማ፣ ሌላ አካውንት። በማርች 2021 ስትራስቡርግ ያለው የኦቪኤች ዳታ ማዕከል ሲቃጠል ባክአፓቸው እዚያው ግቢ የነበረ ደንበኞች ሁለቱንም አንድ ላይ አጥተዋል። የአከራያችሁ ስናፕሾትም (የማሽኑ ሙሉ ግልባጭ) ያው ነው። ጥሩ ነው፣ ግን አካውንታችሁ ከተዘጋ አብሮ ይዘጋል።

ከዚያ መልሱት። በትርፍ ማሽን ላይ፣ ከኢንተርኔቱ ጋር ሳይነጋገር፣ ዳታቤዙን ጫኑና ጽሑፎቹ እንዳሉ እዩ። ሳይድኪክን ግን እዚያ አታስነሱ፤ በእናንተ ስም ለሰው መላክ ይጀምራል። በየሦስት ወሩ አንድ ጊዜ ብታደርጉት ይበቃል። ተመልሶ የማያውቅ ባክአፕ አለ ብዬ አልቆጥረውም።

አፕዴት

ይህ ምርጫ አይደለም። በጁላይ 2023 አጥቂ ልዩ ተደርጎ የተሠራ የሚዲያ ፋይል በመላክ ብቻ ሰርቨሩ ላይ ፋይል እንዲጽፍ የሚያስችል ቀዳዳ ተገኝቶ ተደፈነ። በፌብሩዋሪ 2024 ደግሞ የሌላ ሰርቨር ሰው መስሎ መቅረብ የሚያስችል ሌላ ቀዳዳ ነበር። ያኔ ገንቢዎቹ አድሚኖች እንዲደርሱ ብለው ዝርዝሩን ለሁለት ሳምንት ያህል ደብቀው ነው የቆዩት። ከዚያ ወዲያ ያላደሰ ሰው ቀዳዳው ለማንም የታወቀ ሰርቨር ይዞ ተቀምጧል ማለት ነው። ስለዚህ የአዲስ ስሪት ማስታወቂያ በኢሜይል እንዲደርሳችሁ አድርጉ። የደኅንነት ማስተካከያ ከሆነ በዚያው ቀን፣ አዲስ አገልግሎት መጨመር ብቻ ከሆነ ሳምንት ጠብቃችሁ ጫኑት።

አካሄዱ ይህን ይመስላል። መጀመሪያ የስሪቱን ማስታወሻ እስከ መጨረሻው አንብቡ። ሁለት ሦስት ስሪት ዘላችሁ ከሆነ የመሀሎቹንም ጭምር። ባክአፕ አውጡ። አዲሱን ኮድና የሚፈልጋቸውን ጥቅሎች ጫኑ። የዳታቤዝ ለውጡ ብዙ ጊዜ በሁለት ዙር ነው፦ አንዱ አገልግሎቶቹ ከመነሳታቸው በፊት፣ ሌላው ከተነሱ በኋላ። ማስታወሻው የትኛው መቼ እንደሆነ ይነግራችኋል። ከዚያ የሳይድኪክን ወረፋና ሎጉን ለግማሽ ሰዓት እዩ። ማታ ከመተኛታችሁ በፊት አትጀምሩት።

የኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ትልቅ ለውጥ ስታደርጉ የተደበቀ አደጋ አለ። ፖስትግሬስ ፊደላትን የሚደረድርበት ሕግ የሚመጣው ከሲስተሙ ነው። የሲስተሙ መሠረታዊ ላይብረሪ በሆነው በጂሊብሲ ስሪት 2.28 ላይ ይህ ሕግ ሲቀየር የብዙ ሰርቨሮች የዳታቤዝ ማውጫ ተበላሽቷል። አንድ አካውንት ሁለት ሆኖ ይገኛል፣ ምክንያቱ ግን ለወራት አይታይም። ሲስተሙን ከቀየራችሁ ማውጫዎቹን እንደገና ገንቡ። ድርብርብ ከተፈጠረ ቱትሲቲኤል ሜንቴናንስ ፊክስ ዱፕሊኬትስ ያጸዳዋል።

ሞዴሬሽን

ቴክኒኩን የሚችል ሰው እዚህ ይደክመዋል። ሪፖርት ሲመጣ በአንድ ቀን ውስጥ ቢያንስ ተመልከቱት። ከውጭ ሰርቨር የመጣ ሪፖርትም እኩል ይቆጠር። ሪፖርታቸው ችላ የተባለባቸው አድሚኖች ዶሜይናችሁን ያግዳሉ፣ ያኔ የሚቀጡት ምንም ያላጠፉት ተጠቃሚዎቻችሁ ናቸው።

በውጭ ሰርቨር ላይ የምትወስዱት እርምጃ ሁለት ዋና ደረጃ አለው። መገደብ ማለት የሚከተላቸው ሰው ያያቸዋል፣ ሌላው ግን አያያቸውም። ማገድ ማለት ግንኙነቱ ይበጠሳል። በሁለቱ መካከል ያሉት የመከታተል ግንኙነቶች በሙሉ ይቆረጣሉ፣ እገዳውን ብታነሱም አይመለሱም። ስለዚህ በአንድ ሰው ጥፋት ሙሉ ሰርቨር ከማገዳችሁ በፊት ያን ሰው ብቻ ማገድ ይበቃ እንደሆነ እዩ። ለስፓም ብቻ የተተከለ ወይም ለትንኮሳ የሚኖር ሰርቨር ለማገድ ግን አታመንቱ።

ሌሎች ያዘጋጁትን የእገዳ ዝርዝር አምጥቶ መጫን ይቻላል። ለጀማሪ ይጠቅማል፤ ግን አንብቡት። ዝርዝሩ ውስጥ የግል ጠብ የገባባቸው ስሞች አይጠፉም። እያንዳንዱን እገዳ ለምን እንዳደረጋችሁ ማስታወሻው ላይ አንድ መስመር ጻፉ። ከዓመት በኋላ ተጠቃሚ ሲጠይቃችሁ ትመልሳላችሁ።

በሕፃናት ላይ የሚፈጸም የወሲብ ጥቃት ምስል ከመጣ ጉዳዩ የደንብ ሳይሆን የወንጀል ነው። አታጋሩት፣ ለሌላ አድሚን «እየው» ብላችሁ አትላኩት። ሰርቨሩ ያለበት አገር ሕግ ለማን ሪፖርት እንደሚደረግና ምን ማቆየት እንዳለባችሁ ይደነግጋል። ሰርቨሩን ከመክፈታችሁ በፊት ይህን አጣሩት፤ ሲመጣ ለማንበብ ጊዜ የለም።

መዝጋት ካለባችሁ

ይደክማችሁ ይሆናል። አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረው ሳይናገሩ መጥፋት ነው። ማስቶዶን በኦፊሴላዊ ዝርዝሩ ላይ የሚያስገባቸውን ሰርቨሮች ቢያንስ የሦስት ወር ማስጠንቀቂያ እንዲሰጡ ያስገድዳል። እናንተም በዝርዝሩ ውስጥ ባትሆኑ በዚሁ ሂዱ። ወይም ደግሞ ያን ሁለተኛ ሰው ጠይቁት፤ ምናልባት ይረከባችሁ።

መጀመሪያ ምዝገባ ዝጉ። ከዚያ ለሁሉም በጽሑፍም በኢሜይልም አስታውቁ። ሰው ወደ ሌላ ሰርቨር ሲዛወር ተከታዮቹ አብረውት ይሄዳሉ። ጽሑፎቹ ግን አይሄዱም፤ ማውረድ ብቻ ነው የሚቻለው። ዝውውሩ እንዲሠራ የድሮው ሰርቨር በሕይወት መኖር አለበት፣ ስለዚህ ቀኑ እስኪደርስ ሳይድኪክ ሳይቀር ሁሉም ይሥራ።

ቀኑ ሲደርስ ቱትሲቲኤል ሰልፍ ዲስትራክትን አስነሱ። የምታውቋቸውን ሰርቨሮች ሁሉ «የእኛን ሰዎች ሰርዙ» ብሎ ይነግራቸዋል። መልእክቱን የሚያደርሰው ሳይድኪክ ስለሆነ ወረፋው ባዶ እስኪሆን ማሽኑን አታጥፉ። ከዚያ በኋላም ዶሜይኑን ለአንድ ሁለት ዓመት አድሱት። ወዲያው ከለቀቃችሁት ሌላ ሰው ገዝቶ በእናንተ ሰዎች የድሮ አድራሻ ሊጽፍ ይችላል።